እናቴን ይዤ በፍልሰታ ወደ ሮም፤ አራት ቀን አለን፣ ምከሩኝ

ማርታ_ፍራንክፈርት · ሰኔ 28

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ዘንድ ነው ያለችው። 71 ዓመቷ ነው። ከመመለሷ በፊት ሮምን ላሳያት ብዬ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጫለሁ፤ ነሐሴ 4 ማታ ገብተን ነሐሴ 8 ማታ እንወጣለን።

የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ አይሆንላትም። ደግሞ ፍልሰታ ነው። እሷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አትቀምስም፣ መንገደኛ ነሽ ብላት አትሰማኝም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት የጉብኝት ዕቅድ ሁሉ ደግሞ በቀን ስምንት ቦታ የሚያስሮጥ ነው። ምን ማየት እንደምትፈልግ ስጠይቃት «የጴጥሮስንና የጳውሎስን አገር ልሳለም» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሮምን የምታውቁ፣ ከየት ልጀምር? የቱን ልተው?

እመቤት_ሮማ · ሰኔ 28

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እዚህ ከተማ 16 ዓመቴ ነው፤ አረጋውያን በመንከባከብ ሥራ ስለምተዳደር የጉልበት ሕመም ያለው ሰው ሮም ውስጥ የት እንደሚቸገር በደንብ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ። ነሐሴ ውስጥ ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ አስር ሰዓት ፀሐዩ አያስወጣም። ስለዚህ የእናትሽ ጾም ችግር አይሁንብሽ፣ እንዲያውም ይረዳሻል። ጠዋት አንድ ሰዓት ውጡ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱና ይረፉ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብሉ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደገና ውጡ። በቀን ሁለት ቦታ ይበቃል። ከዚያ ካለፈ እግራቸው ያብጣል፣ ማግስቱን አልጋ ላይ ይውላሉ።

ስለ ምግቡ ግን አንድ የምትጠነቀቂው ነገር አለ። እዚህ ብዙ ምግብ ቤቶች ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወጥ ቤታቸውን ይዘጉና ማታ አንድ ሰዓት ላይ ነው የሚከፍቱት። እናትሽ ጾማቸውን የሚፈቱት ልክ ሲዘጋ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ፒዛ እየቆረጡ በሚዛን የሚሸጡት ቤቶች ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። «ፒዛ ሮሳ» በይ፤ ቲማቲምና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለበትም። ቁጭ ብላችሁ የምትበሉ ከሆነ «ማሪናራ» የሚባለው ፒዛም ጾም ነው። ፓስታ ስታዝዢ ደረቁን ነው እንጂ በእጅ የተሠራውን ትኩስ ፓስታ አይሁን፤ ያ በእንቁላል የሚቦካ ነው። «አሊዮ ኤ ኦሊዮ» ማለት በነጭ ሽንኩርትና በዘይት ማለት ነው። «አራቢያታ» ደግሞ ሚጥሚጣ የነካው ስጎ ነው፣ እናትሽ ይወዱታል። ሁልጊዜ ግን «ሴንሳ ፎርማጆ» ማለትን አትርሺ፤ ያለ አይብ ማለት ነው። ካልተናገርሽ ከላይ ነስንሰው ያመጡልሻል። «ቺኮሪያ» የሚባለው በዘይት የተጠበሰ ቅጠል የእኛን ጎመን ይመስላል፤ መረር ይላል ግን ያጠግባል።

ነሐሴ 9 የእነሱ የፍልሰታ በዓል ነው፣ «ፌራጎስቶ» ይሉታል። በዚያ ሰሞን ሰፈር ውስጥ ያሉ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ዘግተው ወደ ባሕር ይሄዳሉ። የት እንደምትበሉ ከዋዜማው አይታችሁ ያዙ።

ናሆም_ዲሲ · ሰኔ 29

ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ነበርን፤ ስለ ቲኬት የምናገረው አለኝ። ኮሎሲየም መግባት ከፈለጋችሁ ቲኬቱን ከራሱ ከኮሎሲየም ድረ ገጽ ግዙ። 18 ዩሮ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ጥንታዊ ፍርስራሽ፣ ፎረሙንና የፓላቲኖን ኮረብታ ይጨምራል። ሻጮች ነን የሚሉ ሌሎች ገጾች እጥፍ ያስከፍላሉ። ቲኬቱ የሚለቀቀው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀን አስቀድሞ ስለሆነ አሁን ቀኑን ቁጠሪ።

ከሁሉ በላይ ስማችሁ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። በር ላይ ከመታወቂያ ጋር ያመሳክራሉ። የእኛ ሰው የአያት ስም አንዴ ጨምሮ አንዴ ትቶ የመጻፍ ልማድ አለው። እኔ የባለቤቴን ቲኬት በአባቷ ስም ብቻ ሞልቼ በሩ ላይ ብዙ አስጨነቀን፤ በመጨረሻ አስገቡን እንጂ በሐሩር ግማሽ ሰዓት ቆምን።

የቫቲካን ሙዚየም በወሩ የመጨረሻ እሑድ ነፃ ነው፣ በሌሎቹ እሑዶች ዝግ ነው። እናንተ በዚያ ቀን ስለማትኖሩ መክፈል አለባችሁ። ሙዚየሙ ውስጥ ያለውን የሲስቲና ጸሎት ቤት ሳያዩ ከሮም መውጣት ግን ልክ አይመስለኝም። ሚኬላንጄሎ ጣሪያውን ከ1508 እስከ 1512 እ.ኤ.አ. ነው የሠራው፤ የዓለም ፍርዱን ሥዕል ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ መጥቶ መሠዊያው ግድግዳ ላይ ሣለ። ሰው ሆኖ ያንን ማየት አለበት።

እመቤት_ሮማ · ሰኔ 29

ናሆም፣ ሲስቲና ለመድረስ ስንት ክፍል እንዳለፋችሁ ታስታውሳለህ? ረጅም መተላለፊያ ነው፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ነው የሚሄደው፣ የሚቀመጡበትም ቦታ ጥቂት ነው። 71 ዓመት ለሆናቸው፣ ጉልበታቸውን ለሚያማቸው፣ ምግብም ውኃም ላልቀመሱ ሰው ነሐሴ ውስጥ አልመክርም። የጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ራሱ ግን ነፃ ነው፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲከፈት ከገባችሁ ሰልፉ አጭር ነው።

የድሮ_ተማሪ · ሰኔ 30

ልጄ ማርታ፣ እኔ ሮም የተማርኩት ወጣት ሳለሁ ነው፤ አሁን ዕድሜዬ ከእናትሽ ይበልጣል። ሌሎቹ ስለ ቲኬትና ስለ ምግብ ጥሩ ነግረውሻል። እኔ አንድ ቦታ ልንገርሽ። ከሮም አንድ ቦታ ብቻ ታሳያታለህ ብባል እናትሽን የምወስዳት እዚያ ነው።

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በእግር የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። የእመቤታችን ነው፤ በአምስተኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። በውስጡ አንዲት የእመቤታችን ሥዕል አለች። ሮማውያን «የሮም ሕዝብ መድኃኒት» ይሏታል፣ ሉቃስ ወንጌላዊው ሣላት ብለው ያምናሉ። በ1569 እ.ኤ.አ. የኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ሚስዮናውያን ማኅበር) አለቃ ሥዕሊቱን ለመቅዳት ፈቃድ አገኘና ቅጂዎቿን ሚስዮናውያኑ ወደሚሄዱበት አገር ሁሉ ላኩ። አንዱ አገር የእኛው ነበር። ኢየሱሳውያኑን አፄ ፋሲል አባረሯቸው፤ ሥዕሊቱ ግን ቀረች። የጎንደር ሠዓሊዎች ተቀበሏት፣ የራሳቸው አደረጓት፣ ግራና ቀኝዋ ሚካኤልንና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዘው አቆሙላት። ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የምናያት ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ላይ አመሳቅላ መሐረብ የያዘችው፣ ሕፃኑ መጽሐፍ የያዘባት፣ አቀማመጧ ከዚያች የመጣ ነው።

ምንም ሳትነግሪያት ፊት ለፊት አቁሚያት። ታውቃታለች።

ማርታ_ፍራንክፈርት · ሐምሌ 1

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። እናቴ መኝታ ቤቷ ውስጥ ያቺን ሥዕል ነው የሰቀለችው፣ የአያቴ ነበረች። ሆቴላችንን ተርሚኒ አካባቢ አድርጌ ነበር፣ ሰፈሩ ይረብሻል ተብዬ ልቀይር እያሰብኩ ነበር፤ አሁን አልቀይርም።

የታሪክ_ተማሪ · ሐምሌ 1

እኔም ልጨምር። ለኦርቶዶክስ እናት ሮም የጴጥሮስና የጳውሎስ ብቻ ሳትሆን የእሌኒም ናት። ደመራ የምንደምርላት ንግሥት እሌኒ ቤተ መንግሥቷ የነበረው በከተማዋ ምሥራቅ በኩል ነው፤ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል፣ ስሙም ሳንታ ክሮቼ ኢን ጄሩሳሌሜ፣ «በኢየሩሳሌም ያለ ቅዱስ መስቀል» ነው። የመስቀሉ ግማድ እዚያ አለ፤ ካህናቱ መስታወት ውስጥ አድርገው ያሳያሉ። ቱሪስት አይበዛበትም፤ ዝም ያለ ቦታ ነው።

ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ላተራኖ ነው፤ ልጇ ቆስጠንጢኖስ ያሠራው የሮም ካቴድራል ነው። ብዙ ሰው የሮም ካቴድራል ጴጥሮስ ይመስለዋል፤ አይደለም፣ ላተራኖ ነው። ከፊቱ የቆመው የግብፅ ሐውልት ሮም ውስጥ ካሉት 13 ጥንታዊ ሐውልቶች ሁሉ ይረዝማል፤ ከካርናክ ነው የመጣው። መንገዱን ተሻግሮ ቅዱስ ደረጃ የሚባለው አለ፤ 28 የእብነ በረድ ደረጃዎች ናቸው፣ ጌታችን ወደ ጲላጦስ የወጣበት ነው እሌኒም ከኢየሩሳሌም አመጣችው ይባላል። ሰው በጉልበቱ እየተንበረከከ ነው የሚወጣው። እናትሽ ከታች ሆነው ይሳለሙት፤ እወጣለሁ ካሉ ለምኚያቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትንንሾቹ አብያተ ክርስቲያናት ቀትር ላይ ዘግተው ከሰዓት በኋላ ይከፈታሉ። ትልልቆቹ አራቱ ማለትም ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ላተራኖና ማሪያ ማጆሬ ቀኑን ሙሉ ክፍት ናቸው። ስለዚህ ሳንታ ክሮቼን በጠዋት አስቀድሙ፣ ላተራኖን አስከትሉ።

ለጳውሎስ ደግሞ መቃብሩ ያለበት ሳን ፓኦሎ ከግንቡ ውጭ ነው። በሜትሮ ሁለተኛው መስመር «ባዚሊካ ሳን ፓኦሎ» ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ትልቅ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ወንበር አለው፣ ሰው አይበዛበትም። ደረጃም እንደሌላው አያደክምም።

ሯጭ_ከአራት_ኪሎ · ሐምሌ 2

የቆስጠንጢኖስ ስም ከተነሳ ዝም ማለት አልችልም። ከኮሎሲየም አጠገብ የቆስጠንጢኖስ ቅስት አለ፤ በ315 እ.ኤ.አ. ለድሉ የተሠራለት ነው። በመስከረም 10 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ማታ፣ ያ ቅስት የማራቶኑ መጨረሻ ነበር። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ፣ ደረቱ ላይ 11 ቁጥር ለጥፎ፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባው እዚያ ነው።

ብዙዎቻችን ታሪኩን እናውቀዋለን፤ ቦታው ላይ ቆሞ ማየት ግን ሌላ ነው። ከቅስቱ ጀርባ ወደ ደቡብ የሚሄደውን በዛፍ የተጠለለ ቀጥ ያለ መንገድ ያዢ፤ ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ ይባላል። ሜዳ ነው፣ ለእናትሽም ይመቻል። ጫፉ ላይ ፖርታ ካፔና የሚባል አደባባይ አለ። የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚያ ነበር። ጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ወስደው የቅኝ ግዛት ሚኒስቴራቸው ፊት ተከሉት፤ ሕንፃው ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው። በ1947 በተፈረመው ውል እንመልሳለን ብለው ነበር፤ አበበ በ1960 ሲሮጥ ሐውልቱ እዚያው ነበር። በዚያ ምሽት ሐውልቱ አጠገብ ሲደርስ ነው ከሞሮኮው ሯጭ ተለይቶ የሄደው። ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። 

እኔ እዚያ መንገድ ላይ ጫማዬን አውልቄ ከአደባባዩ እስከ ቅስቱ ሄድኩ። ማታ ነበር። በሕይወቴ ከሠራሁት ነገር አንዱ ነው፣ እንዲሁ ነው የምለው።

የመቀሌው · ሐምሌ 2

ሐውልቱ በሦስት ተቆርጦ በ2005 እ.ኤ.አ. አክሱም ሲደርስ አባቴ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሄዶ ከተቀበሉት መሐል ነበር። እኔ ፖርታ ካፔናን ያየሁት ከዓመታት በኋላ ነው። አሁን በቦታው ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ቆመዋል፤ ኒው ዮርክ ላይ በመስከረም 11 ቀን 2001 እ.ኤ.አ. በሽብር ጥቃቱ ለሞቱት መታሰቢያ ነው። ባዶውን ሰማይ አይቼ ደስ አለኝ። 24 ሜትር ድንጋይ እዚያ አለመኖሩ ነው የሚታየው።

ፈለገ_ብርሃን · ሐምሌ 3

ተርሚኒ የምታርፉ ከሆነ በየቀኑ የምትረግጡትን ቦታ ስም እወቁ። ከጣቢያው ፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኴቼንቶ» ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ በጥር 1887 እ.ኤ.አ. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ያሸነፏቸው የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ጎን፣ ዛፍ ሥር ይገኛል። እሱም የግብፅ ሐውልት ነው።

ፋሺስቶች የአዲስ አበባውን የይሁዳ አንበሳ ነቅለው ያመጡት እዚያ ግርጌ ነበር። ዘርዓይ ደረስ የሚባል የኤርትራ ልጅ በ1938 እ.ኤ.አ. በዚያ ቦታ ተንበርክኮ ጸለየና ሰይፉን መዘዘ። ያዙት፤ ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አስገብተውት በ1945 እ.ኤ.አ. እዚያው ሞተ። አንበሳው ተመልሶ ዛሬ ለገሀር ፊት ለፊት ቆሟል።

ማርታ፣ እናትሽን አምስት ደቂቃ እዚያ አቁሚያቸው። በእነሱ ዕድሜ ያሉ ሰዎች የዘርዓይን ስም ያውቁታል።

ናሆም_ዲሲ · ሐምሌ 3

ይቅርታ አድርግልኝ፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሰው ከእናቱ ጋር አራት ቀን ደስ ብሎት ሊያሳልፍ ሲሄድ የጦርነትና የቅኝ ግዛት ቦታ እየቆጠረ ይዞር ማለት ጉዞውን ከባድ ያደርገዋል። ትሬቪ ፏፏቴ አለ፣ ናቮና አደባባይ አለ፣ ፓንቴዎን አለ። እነዚህም ሮም ናቸው።

ፈለገ_ብርሃን · ሐምሌ 3

አልከፋህም ናሆም። ግን ናቮና ላይም ቢሆን ዓባይን ታገኘዋለህ። መሐል ላይ ያለውን ፏፏቴ በርኒኒ በ1651 እ.ኤ.አ. ሲጨርስ አራት ወንዞችን በሰው አምሳል አስቀምጧል፤ ጋንጅስ፣ ዳኑብ፣ ሪዮ ዴ ላ ፕላታና ዓባይ። ዓባይ ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኗል። ምንጩ አይታወቅም ለማለት ነው። ጎጃም ውስጥ ሰው ከብቱን የሚያጠጣበት ምንጭ በዚያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ምሥጢር ነበር። ይህን ማርታ ለእናቷ ብትነግራት ትስቃለች እንጂ አይከብዳትም።

የታሪክ_ተማሪ · ሐምሌ 4

በዚህ ላይ ቅዱስ እስጢፋኖስን ሳላነሳ አልለፍ። ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ፣ «ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ» የሚባል ትንሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የሐበሾች እስጢፋኖስ ማለት ነው። ከአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ የእኛ መነኮሳት ኢየሩሳሌምን ተሳልመው በእግርና በመርከብ መጥተው የሚያርፉበት ገዳም ነበር።

በግዕዝ የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከዚህ ነው የወጣው። ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ ከነዚያ መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ በ1513 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ከዚያ በኋላ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን፣ የግራኝን ጦርነት ሸሽተው የመጡት፣ በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ፤ መቃብራቸው እዚያው እስጢፋኖስ ውስጥ ነው። መቶ ዓመት ቆይቶ አባ ጎርጎርዮስ ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሉዶልፍ ጋር ተገናኝተው ግዕዝና አማርኛ አስተማሩት። ማርታ፣ አንቺ ዛሬ ከምትኖሪበት አገር የመጣ ሰው ቋንቋሽን ከአባታችን የተማረው ሮም ላይ ተገናኝቶ ነው።

ወደ ውስጥ እንዲሁ ዘው ብሎ መግባት አይቻልም፤ የቫቲካን አትክልት ስፍራ ጉብኝት አስቀድሞ በሙዚየሙ በኩል ይያዛል። በአውቶቡስ የሚደረግም አለ፣ ለእናትሽ ጉልበት ይሻላል። ያም ባይሳካ ከጴጥሮስ ጣሪያ ሥር ቆመሽ «ከዚህ ግድግዳ ጀርባ አባቶቻችን ዳዊት ይደግሙ ነበር» ብትያቸው ይበቃል።

እመቤት_ሮማ · ሐምሌ 5

እንኳን ለጴጥሮስ ወጳውሎስ አደረሳችሁ። የቀሩኝን ቶሎ ቶሎ ልጻፍ፣ ሥራ ልገባ ነው።

ከፊዩሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ተርሚኒ «ሌዮናርዶ ኤክስፕሬስ» የሚባል ባቡር አለ፤ 32 ደቂቃ ይፈጃል፣ 14 ዩሮ ነው። ሆቴላችሁ ተርሚኒ ስለሆነ እሱ ይበቃችኋል። ታክሲ ከያዛችሁ ወደ መሐል ከተማ ቁርጥ ዋጋ አለው፤ በሩ ላይ ከሚያባብሉት ሳይሆን ነጩን ታክሲ ከሰልፉ ያዙ።

የአውቶቡስና የሜትሮ ቲኬት 1.50 ዩሮ፣ ለ100 ደቂቃ ያገለግላል። የወረቀት ቲኬት ከያዝሽ እንደገባሽ ማሽኑ ላይ አስመቺው፤ ሳይመታ ከተገኘ ቅጣት ነው። ተርሚኒ ላይ፣ በሜትሮና በተለይ ወደ ቫቲካን በሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ቦርሳችሁን ፊታችሁ ላይ ያዙ። ከእኔ ላይ የወሰዱብኝ ሰው ሲወርድ ከበሩ ጋር ተጋፍቼ ሳለሁ ነው፤ የደመወዜ ቀን ነበር፣ ልጄ ትምህርት ቤት የምትከፍለው ነበር። ስለዚህ ይህን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። ኮሎሲየም አካባቢ እጃችሁ ላይ ክር ሊያስሩ የሚመጡትን እጃችሁን ሰብስባችሁ እለፉ።

መንገዱ ኮብልስቶን ነው። የእናትሽ ጫማ ሶሉ ወፍራም ይሁን። ሆቴል ውስጥ በአዳር በሰው የከተማ ግብር ይጠይቃሉ፤ ከክፍሉ ዋጋ ውጭ ነው፣ እንዳትደነግጪ። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ትከሻና ጉልበት ይሸፈናል፤ እናትሽ ነጠላ ይዘው ስለሚሄዱ ያ ችግር የለም፣ አንቺም ያዢ።

ውኃ አትግዢ። በየመንገዱ ከብረት የተሠሩ «ናዞኒ» የሚባሉ ቧንቧዎች አሉ፤ ከተማው ውስጥ 2500 ያህል ናቸው፣ ቀንና ሌሊት ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይፈስባቸዋል። አፉን በጣትሽ ብትደፍኚው ከላይ ባለው ቀዳዳ ሽቅብ ይወጣል፣ ጎንበስ ሳይሉ ይጠጣሉ። ለጉልበት ሕመምተኛ ጥሩ ነው።

ቡናውን በቆማችሁ ጠጡ፣ ከተቀመጣችሁ ዋጋው ይጨምራል። «ማኪያቶ» ብትይ ደግሞ የአዲስ አበባው አይመጣልሽም፤ ትንሽ ጥቁር ቡና ላይ ወተት ጠብ ያለበት ነው። ለእናትሽ በጾም «ካፌ» ብቻ በይ።

የእኛ ቅዳሴም ሮም ውስጥ አለ። ተርሚኒ ዙሪያ ሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ፤ ገብተሽ ሰላም በይና ጠይቂ፣ ይወስዱሻል።

ናሆም_ዲሲ · ሐምሌ 5

እመቤት፣ ሁሉንም ጨረስሽው። እኔ ለፓንቴዎን ብቻ ልለምን። 5 ዩሮ ነው፣ ደረጃ የለውም። ጉልላቱ ወርዱና ከወለሉ ያለው ቁመት እኩል 43.3 ሜትር ነው፤ አናቱ ላይ ክፍት ዓይን አለ፣ ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይዘንባል፣ ወለሉ ላይ ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ አበጅተውለታል። ከ609 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእመቤታችንና ለሰማዕታት የተሰየመ ቤተ ክርስቲያን ነው። ለማርታ እናትም ይሆናል።

ማርታ_ፍራንክፈርት · ነሐሴ 12

ተመልሰናል። እናቴ ደህና ናት፣ ትናንት ወደ አዲስ አበባ ሸኘኋት። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ፣ ባለዕዳችሁ ነኝና።

የመጀመሪያው ጠዋት ማሪያ ማጆሬ ሄድን። ጋሼ እንዳሉት ምንም አልነገርኳትም። ሥዕሊቱ ከመሠዊያው በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው፣ ዙሪያዋ በወርቅና በከበረ ድንጋይ ተከቧል፤ ከሩቅ ስለሆነች ቶሎ ላይታይ ይችላል ብዬ ሰጋሁ። እናቴ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ቆማ ነበር። ቀና አለች። ትንሽ ቆየችና «የእማማ ናት እኮ» አለችኝ፤ አያቴን ማለቷ ነው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና አንድ ሰዓት ከሩብ አልተነሳችም። ውዳሴ ማርያም ከቦርሳዋ አውጥታ የዕለቱን ደገመች። ሰው ፎቶ እያነሳ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እሷ አላየቻቸውም። የዚያን ቀን ሌላ ቦታ አልሄድንም።

በሁለተኛው ቀን ሳንታ ክሮቼና ላተራኖ። ቅዱስ ደረጃው ላይ ለመንኳት፣ ሰማችኝ፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ብቻ ተሳለመች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፒዛ ሮሳ በላን። «የጾም ቂጣ ነው» ብላ ወደደችው፣ በየቀኑ እሱን ነበር የምንበላው።

በሦስተኛው ጠዋት ጴጥሮስ ገባን፤ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ውስጥ ነበርን። እንደገባን በስተቀኝ ያለው የሚኬላንጄሎ ሐውልት፣ እመቤታችን ልጇን ከመስቀል አውርደው ጭኗ ላይ ሲያስቀምጡላት፣ እሱ ፊት ስትደርስ አለቀሰች። ሲስቲና አልገባንም። ናሆም፣ ይቅርታ፤ እኔ ሌላ ጊዜ ብቻዬን እመጣለሁ። የአትክልት ስፍራው ጉብኝት ቦታ አላገኘንም፤ ግን ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ነገርኳት፣ ወደዚያ ዞራ ሰገደች። ማታ ፓንቴዎንንና ናቮናን አየን። የዓባይን ፊት ሳሳያት እንደተባለው ሳቀች።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ጳውሎስን ተሳለምን። ከሰዓት በኋላ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሄደን ከዚያ በታክሲ ፖርታ ካፔና ደረስን። ኮሎሲየምን ከውጭ አየነው፣ ቲኬት አልገዛሁም ነበር። እናቴ አበበ ሲያሸንፍ ልጅ ነበረች። ሬዲዮ የነበረው ጎረቤታቸው እየጮኸ ወጥቶ ሰፈሩን እንደሰበሰበው ነገረችኝ፤ ይህን ታሪክ 39 ዓመት ሙሉ ነግራኝ አታውቅም። የዘርዓይንም ቦታ ጠዋት ስንወጣ አሳየኋት። ራሷ ናት ስሙን የጠራችው።

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እናቴ «ያ ሽማግሌ ማን ናቸው» ብላ ጠይቃኝ ነበር፤ ስምዎን ስለማላውቅ «የድሮ ተማሪ» ናቸው አልኳት። በጸሎቷ እንዲህ ብላ ነው የምታነሳዎት።

የድሮ_ተማሪ · ነሐሴ 12

ይድረሰኝ ልጄ። በቃ፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ብርቱካን_ጄዳ · ነሐሴ 14

ሰላም፣ አዲስ ነኝ። ይህን ክር አንብቤ ነው የተመዘገብኩት። በጥቅምት ከጄዳ ወደ አዲስ ስመለስ በሮም በኩል አልፋለሁ፤ በከተማዋ ያለኝ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። ሥዕሊቱን ብቻ አይቼ ልመለስ እችላለሁ? ቤተ ክርስቲያኑ ትልቅ ነው ይላሉ፣ የት ጋ እንዳለች ንገሩኝ።

እመቤት_ሮማ · ነሐሴ 14

ትችያለሽ እህቴ፤ ቪዛው እንዲያስወጣሽ ብቻ አረጋግጪ። ባቡሩን ይዘሽ ተርሚኒ ውረጂ፣ ከጣቢያው አሥር ደቂቃ በእግር። በዋናው በር ግቢ፣ መግቢያው ነፃ ነው፣ የቦርሳ ፍተሻ ብቻ አለ። ወደ ፊት እስከ ዋናው መሠዊያ አቅራቢያ ሂጂና ወደ ግራ እጅሽ ዙሪ፤ ትልቅ ጉልላት ያለው ጸሎት ቤት ታያለሽ። ከመግባትሽ በፊት፣ እዚያው ግራ በኩል ባለው መተላለፊያ፣ የካቶሊኮቹ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት የነበሩት የፍራንሲስ መቃብር አለ፤ ነጭ ነው፣ ስማቸው ብቻ ተጽፎበታል። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ግቢና ቀና በይ፤ መሠዊያው ላይ ነች።